በዳኛ ፊት የተሰጠ ቤት

እናቴና አባቴ የተፋቱ ዕለት ምሳ የበላነው አንድ ጠረጴዛ ከበን ነው። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያለችው ምግብ ቤት ገባን፤ አባቴ ለእናቴ የተጠበሰ ዶሮ አዘዘላት፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየ ቆራርጦ አቀረበላት። እሷ ደግሞ የራሷን ድንች ወደ እሱ ሳህን ገፋ ገፋ አደረገችለት። አክስቴ ኢሞጂን፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ አፌን ከፍቼ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አያለሁ።

እኔ የማውቀው ፍቺ እንዲህ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ባልና ሚስት ሲፋቱ ጩኸቱ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል፤ ሳህን ይሰበራል፤ የሰውየው ልብስ በመስኮት ይወረወራል። የአንዷ ጓደኛዬ አባትማ ሲሄድ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ የቤቱን በር ነቅሎ በመኪናው ጭኖ ነው የሄደው። ፍቺ ማለት ለእኔ ያ ነበር። ድንች እየተጋሩ መፋታት የት አገር ነው ያለው?

በዚያው ጠዋት አክስቴ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ፍርድ ቤት ወስዳኝ ነበር። ልጅቱን የሚጠብቃት ሰው የለም ስትል ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይመስለኝም። እናቴ ጄኔቫ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ዳኛው ፊት ቆማለች። ከታመመች ወዲህ ቀሚሱ እንደ ተውሶ ልብስ ሰፍቷታል፤ ጸጉሯ ስላለቀ ሻሽ አስራለች። ዳኛው ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ቀና ብለው ተመለከቷት።

"ቤቱና መሬቱ ከአባትዎ የወረሱት አይደለም እንዴ?"

"አዎ፣ ክቡር ዳኛ።"

"ታዲያ ሁሉንም ለእሱ ትተው ሊወጡ ነው?"

"አዎ።"

"ልጅቱስ?"

"እሷም ከእሱ ጋር ትሁን።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ለእርስዎ ምን ሊቀር ነው?"

"የሆስፒታሉ ዕዳ" አለች እናቴ። "እሱ የእኔ ነው፤ ከእኔ ጋር ይሂድ።"

እኔ ክው አልኩ። የአያቴን ቤት! አያቴ ፕሩዊት ከራሱ ኮረብታ ላይ የቆረጠውን ዛፍ ሰንጥቆ በእጁ የሠራውን፣ እናቴ የተወለደችበትን፣ እኔም የተወለድኩበትን ቤት፣ ማዕድ ላይ የዶሮ ሳህን አስተላልፎ እንደ መስጠት ለአባቴ ሰጠችው። አባቴን አየሁት። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። አይሆንም፣ የእሷ ነው፣ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

ከምሳ በኋላ ቤት ስንደርስ ሻንጣዋ በረንዳው ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ሻንጣውን አንሥቶ አክስቴ መኪና ላይ የጫነው ራሱ አባቴ ነው። እናቴ እየዞረች የየክፍሉን በር ጉበን በእጇ ዳሰሰች፤ ከዚያ እኔን አቅፋ ጆሮዬን ሳመችና መኪናው ውስጥ ገባች። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ አባቴ አጥር ግቢው መሀል ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ ትምባሆ ማድረቂያው ጎተራ ሄደና እስኪመሽ አልወጣም። እኔ ከበረንዳው ላይ ሆኜ ሲሄድ ጀርባውን እያየሁ፣ ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ነው የምኖረው ብዬ ደነገጥኩ።

ሰውን በጨለማ ማስቀመጥ ስለማልወድ፣ ዛሬ የማውቀውን አሁኑኑ ልንገራችሁ። እኔ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በማይሆን ቀን ነው፤ እናንተ ግን ቀድማችሁ እወቁት። እናቴን የያዛት የደም ካንሰር ነበር። የጤና መድኑ ከሕክምናው እኩሌታ ላይ ከዚህ በላይ አንከፍልም ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከብቶቹ ተሸጡ፤ ትራክተሩም ተከተለ። ሐኪሞቹ ገና የሚቀር ትልቅ ሕክምና አለ ባሉ ጊዜ፣ ጠበቃው ሚስተር ክላክስተን ሁለቱን ቢሮው አስቀምጦ ነገሩን ፈልፍሎ ነገራቸው። ባልና ሚስት እስከሆናችሁ ድረስ የእሷ ሕክምና የአንተም አንገት ላይ ነው፤ ቤቱም መሬቱም ይሄዳል። ሕክምናው ሳይጀመር ከተፋታችሁ ግን ቤቱ ለአንተ፣ ዕዳው ለእሷ ይሆናል፤ ምንም ከሌላት ሰው ደግሞ ምን ይወስዳሉ? በእኛ ኬንታኪ እንዲህ ያደረጉት እነሱ ብቻ አልነበሩም። ስም ያልተሰጠው፣ ሁሉም የሚያውቀውና ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነገር ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበረው፤ ፍቺው የእውነት መምሰል አለበት። የሆስፒታሉ ጠበቆች የውሸት መሆኑን ካረጋገጡ ዳኛው ሁሉንም ያፈርሰዋል።

እንግዲህ የተያዘው ነገር ያ ነው። ቤቱ ለእኔ እንዲተርፍ ነበር።

እኔ ግን ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ የታመመች እናቴን ከአባቷ ቤት አስወጥቷታል።

ሰፈሩም ያወቀው ያንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በተራ ምግብ ያመጣሉ፤ ሳህኑ እንዳይጠፋ ከሥሩ ስማቸውን ጽፈው ይለጥፋሉ። እናቴ ከታመመች ጀምሮ ወጥ ቤታችን የሰው ሳህን ሞልቶት ነበር። ከፍቺው በኋላ ባለሳህኖቹ እየመጡ ሳህናቸውን ወሰዱ፤ ምግቡ መንገዱን ቀይሮ ወደ አክስቴ ቤት ሄደ። አንዷማ በር ላይ ቆማ አባቴን ከላይ እስከ ታች አይታው፣ ሳህኗ ገና ያልታጠበ መሆኑን እያየች ነጥቃው ሄደች። አባቴና እኔ የቆርቆሮ ባቄላና እሱ የሚያሳርረውን የበቆሎ ዳቦ በላን። ሲያሳርር ደስ ይለኝ ነበር። የእማዬ አያርርም እለዋለሁ። አዎ፣ የእሷ አያርርም ይለኛል፤ ሌላ አይጨምርም።

አባቴ ኦርቪል በቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነበር። በጌታ እራት ቀን ቂጣውንና የወይን ጭማቂውን በየመቀመጫው የሚያዞረው እሱ ነው፤ ያን ቀን ብቻ ክራባት ያስራል። ሚስቱን የፈታ ሰው ደግሞ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን አይሆንም፤ ይህ ድርድር የለውም። መጋቢያችን ወንድም ቲልፎርድ ከዲያቆን ሃርላን ጋር ሆነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። እኛ የደረቀውን የትምባሆ ቅጠል ከግንዱ እየገነጠልን በየዓይነቱ የምናስርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርን። ትንሿ ምድጃ ትነዳለች፤ ክፍሉ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። እኔ ከምድጃው ኋላ የድመት ግልገል አቅፌ ተቀምጫለሁ። እንግዶቹ ልብ አላሉኝም።

ወንድም ቲልፎርድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኦርቪል፣ ወሬው ሐሰት ነው በለንና እንሂድ።"

አባቴ እጁን ከሥራው አላነሣም። "ሐሰት አይደለም።"

"በደለችህ? ያገኘህባት ነገር አለ?"

እዚህ ላይ አባቴ ቀና አለ። "ጄኔቫ ላይ ክፉ አፍ እንዳታነሡ። እሷ ምንም አላደረገችም።"

"ታዲያ ምክንያትህ ምንድን ነው?" አለ ዲያቆን ሃርላን። "በዚህ በሽታዋ ላይ? በአባቷ ቤት? ኧረ ሰው ምን ይላል እንኳ አላልክም?"

"ምክንያት የለኝም።"

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣል። ወንድም ቲልፎርድ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እንግዲያው ከዲያቆናቱ ወንበር ተነሣ አሉት። እሺ አለ። እሺ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጥፍርሽን ቁረጪ ስባል እንኳ ከዚያ የበለጠ እከራከር ነበር። ከዚያ እሑድ ጀምሮ አባቴ የመጨረሻው መቀመጫ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጎኑ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ዝም ማለቱ ለእኔ ማረጋገጫ ነበር። ንጹሕ ሰው ዝም አይልም ብዬ አምን ነበር።

የዲያቆን ሃርላን እህት ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል ትሠራ ነበር። ያን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አባቴ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እውነቱን ቢተነፍስ በማግስቱ ወሬው ሒሳብ ክፍሉ ደርሶ ቤታችን ይሄድብን ነበር።

በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አባቴ አክስቴ ዘንድ ያደርሰኛል። አክስቴ የምትኖረው ከኮረብታው ጀርባ፣ ጎማ ላይ በተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ አይገባም። ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ መኪናውን አቁሞ እዚያው ይቀመጣል፤ እኔን እቃ አስይዞ ይልከኛል፤ ማር የመሰለ የማሽላ ሽሮፕ በጠርሙስ፣ የተሰነጠቀ እንጨት፣ አንዴማ አዲስ ብርድ ልብስ። ጸጸት ነው፣ ይበለው ብዬ ነበር የማስበው። እናቴ ገና ስገባ የምትጠይቀኝ ስለ እኔ አልነበረም።

"አባትሽ ውጭ ነው?"

"አዎ።"

"ወፍራሙን ጃኬት ለብሷል?"

"እኔ እንጃ።"

ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ትቆማለች። ለረጅም ጊዜ ቆማ ትቆያለች። እሱም መኪናው ውስጥ ሆኖ ወደዚያች መስኮት ያያል። እንዳይገባባት እየጠበቀች ነው ብዬ እኔም ከጎኗ ቆሜ አብሬያት ዘብ እጠብቅ ነበር። ሁለቱ በቀን ብርሃን የሚተያዩት እንደዚያ ብቻ መሆኑን ማን ይንገረኝ? እኔ መሀላቸው ቆሜ ዓይኔን አፍጥጬበታለሁ።

ክረምቱ አልፎ የትምባሆ ችግኝ የሚፈላበት ጊዜ መጣ። ትልቁ ሕክምና አልሠራም። አዋቂዎቹ ይህን በፊቴ አልተናገሩም፤ ግን አክስቴ በድንገት ለእኔ ደግ ሆና ስለነበር አንድ ነገር እንዳለ ገብቶኛል። በአንዱ እሑድ አባቴ መኪናውን ካቆመ በኋላ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ጸጉሩን በውሃ አበጥሯል፤ ያን የዲያቆን ክራባቱን አስሯል። እኔን አልፎ በሩን አንኳኩቶ ገባ። አክስቴ ወዲያው ቅርጫት አስይዛ፣ ሂጂ ከአጥሩ ሥር የዱር ጎመን ልቀሚ ብላ አስወጣችኝ።

ጎመን የለቀምኩ መሰላችሁ? ቤቱን በጀርባ ዞሬ እናቴ የተኛችበት ክፍል መስኮት ሥር ቁጢጥ አልኩ። ፀሐዩ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የዝንብ መከላከያው ወንፊት ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ሹክሹክታ እንጂ ቃሉ አልተሰማኝም። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ እንዲህ ተሰባብሮ ሰምቼው አላውቅም።

"አግቢኝ" አላት።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ።

"ወንድም ቲልፎርድ እዚሁ ይመጣል። አዎ ማለት ብቻ ነው ያለብሽ። ጄኔቫ፣ እባክሽ።"

እንደገና ሹክሹክታ ሆነ፤ ቃሉ አልተሰማኝም። ከዚያ እናቴ፣ ለወራት በሹክሹክታ ስትናገር የኖረችው እናቴ፣ ግቢው እስኪሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

"አላገባህም ኦርቪል! አንዴ አግብቼህ አየሁት፤ ይበቃኛል። አልፈልግህም፤ ሂድ።"

በደስታም በድንጋጤም እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ጎሽ እማዬ አልኩ በልቤ። ቤቷን ቀማት፣ አስወጣት፣ አሁን ደግሞ ልትሞት ስትል ክራባት አስሮ አግቢኝ ይላታል፤ እሷ ግን ልኩን ሰጠችው። አባቴ ሲወጣ በማዕዘኑ በኩል አየሁት። ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው። መሪውን ይዞ ከመኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ስመለስ አክስቴ ጎመኑ የታል ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።

ጥቂት ቆይቶ፣ አባቴ ማሳ ላይ እያለ፣ ግራጫ መኪና የያዘ ሰው ግቢያችን ገባ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ፈገግ ይላል። ማስቲካ ሰጠኝ። ከበረንዳው ደረጃ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና አባትሽ አለ ወይ፣ እናትሽስ እዚህ ትመጣለች ወይ፣ ትንሽም ብትሆን ታድራለች ወይ እያለ ጠየቀኝ። ትልቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሐሳቤን ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩለት።

"አትመጣም። እሱ ነው ያስወጣት። ቤቱ የአያቴ ነው፤ ቀማት" አልኩት።

"ምናልባት ታርቀው ይሆናል፤ እናትና አባት አንዳንዴ ይታረቃሉ አይደል?"

"አይታረቁም። አግቢኝ ብሎ ሲለምናት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልፈልግህም፣ ሂድ አለችው።"

"በጆሮሽ?"

"በጆሮዬ። እኔም አልፈልገውም።"

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ራሴን ዳበስ አድርጎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያን ቀን ያቦካሁት ለአንድ ቤትና ለአንድ ኮረብታ በቅቷል።

እራት ላይ ሆን ብዬ ላቃጥለው ለአባቴ ነገርኩት። ሰው መጥቶ ነበር፣ ሁሉንም ነገርኩት አልኩ። ሹካውን አስቀመጠ። ምን ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል ደገምኩለት። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። እሱ ግን ለብዙ ጊዜ ሳህኑን አየና "ጎበዝ" አለኝ። ተነሥቶም ወጣ። ጎበዝ? ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ? ይህ ሰው ኀፍረት የሚባል አልፈጠረበትም ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

እናቴ የሞተችው ትምባሆው አበባ ባወጣበት ሰሞን ነው። የቤተሰብ መቀመጫው ላይ እኔና አክስቴ ብቻ ተቀመጥን። አባቴ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ከኋላ ነበር። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት ወንዶች መሀል አልነበረም፤ ከአያቶቼ ጎን ተቀበረች፤ ድንጋዩ ላይም የተጻፈው ጄኔቫ ፕሩዊት ነው፣ የልጅነት ስሟ። ከሴቶቹ አንዷ ድምፅዋን ሳትቀንስ "ምን ዓይን አለው ደግሞ ይመጣል" አለች። ሰዉ ወደ ምግቡ ሲበተን አክስቴ መኪና ውስጥ ሆኜ በኋላው መስኮት አየሁት። ኮቱን አውልቆ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ አካፋ ተቀብሎ አፈር ይመልሳል። አፈር ለመመለስ ዘመድ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ያኔ የመሰለኝ፣ መቀበሯን ሊያረጋግጥ የፈለገ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከቤት ወጣሁ፤ ኋላም አገባሁ። በዓል ሲመጣ ስልክ እደውልለታለሁ፤ ስለ ዝናብና ስለ ትምባሆ ዋጋ እናወራለን። በልጅነቴ ማርሊ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሙሉ ስሜን፣ ማርሌታ፣ ብሎ መጥራት ጀመረ። ሌላ ሚስት አላገባም። ማን ታገባዋለች ብዬ ነበር። ባለፈው የካቲት ብቻውን ሞተ፤ ቤቱና ኮረብታው ለእኔ ሆነ።

እኔም ለሐራጅ አወጣሁት። ከዚያ ቤት ምስማር እንኳ አልፈልግም ነበር። አጫራቹ በረንዳው ላይ ቆሞ ምላሱ እየተንከባለለ ጠራ፤ ሰዉ ሣሩ ላይ ቆሞ እጁን ያወጣል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ከጥግ የአሳማ ሥጋ በዳቦ ይሸጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች በርካሽ ሄዱ። ቤቱና መሬቱ ከከተማ ለመጣ ሰው ደረሰው፤ ዛፎቹን ቆርጦ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ነው። መዶሻው ሲወርድ ትከሻዬ ቀለለኝ። እውነቴን ነው፣ ቀለለኝ።

የዚያን ጊዜ ነው አክስቴ ኢሞጂን የደረሰችው። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፤ የጎረቤቷ ልጅ በመኪና አምጥቶ ተጣጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጣት። እጄን ያዘችኝ።

"ምን አስቸኮለሽ አንቺ ልጅ? የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ለማን ሸጥሽው?"

"ለማንም ይሁን፤ እማዬን ያስወጣበትን ቤት ምን ላድርገው?" አልኳት።

እጄን ለቀቀችው። ያበድኩ ይመስል ትክ ብላ አየችኝ።

"ምን አልሽ?"

"የሆነውን ነው ያልኩት።"

"ነግሬያታለሁ ብሎኛል" አለች ቀስ ብላ። "ካገባሽ በኋላ ሄጄ ነገርኳት፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብላኛለች አለኝ። አምኜው ነበር። ማርሌታ፣ አልነገረሽም?"

ከዚያ፣ እናንተ ቀድማችሁ ያወቃችሁትን ሁሉ፣ ከሣሩ ላይ፣ ሰው የእናቴን የወጥ ቤት ወንበሮች እየተሸከመ በአጠገባችን እያለፈ፣ ነገረችኝ። ስለ ጠበቃው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ መስኮቷ። ሆስፒታል ውስጥ ማታ ማታ ነርሷን ለምኖ በጓሮ በር እየገባ እግሯን ያሽላት እንደነበር። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ፤ ሮጬ ገዢው ዘንድ ሄድኩ። ሽያጩን ልመልስ፣ ከሰጡት በላይ ልክፈልዎት አልኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ዋጋ ላስጨምር የመጣሁ መስሎት ፈገግ አለ። አጫራቹን አየሁት። "መዶሻው ወርዷል ማርሌታ" አለኝ፤ አብረን ነው የተማርነው።

አክስቴ ዘንድ ተመለስኩ። ለምን አልነገረኝም አልኳት። ዕዳው ካለፈ፣ እኔ ካደግሁ፣ ማንም የሚጠይቀን ካልቀረ በኋላ እንኳ ለምን?

አክስቴ መሀረቧን አወጣች፤ መልሳም ከተተችው።

"የራሱን ለመንገር የእናትሽንም መንገር ነበረበት" አለች። "ያን ቀን መስኮት ሥር መቀመጥሽን አውቃ ነበር። ስትመጪ ጥላሽ ወንፊቱ ላይ ሲያልፍ አይታዋለች። የሆስፒታሉ መርማሪ በየቤቱ እየጠየቀ መሆኑን ሰምተናል፤ አንቺ ጋ እንደሚመጣም አውቀናል። ልጄ መዋሸት አትችልም፣ ስለዚህ እውነት ይምሰላት አለች። እሱ እኮ ሊያስመስል አልነበረም የመጣው። ባሏ ሆኖ ሊቀብራት ነው የፈለገው፤ ቤቱ ገደል ይግባ ብሎ ነው የመጣው። እሷ ነች እምቢ ያለችው።"

"ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው..."

"ላንቺ ነው።"

ቤቱን ማየት አልቻልኩም። አክስቴን አየኋት።

"ከዚያ በፊት በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርኩ፤ እዚህ ጆሮዬ ላይ አለ። 'ጄኔቫ፣ ልጅቱ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ትጠላኛለች' አላት። ፊቱን ዳበሰችው። 'ትጥላህ' አለችው። 'የምትጠላህበት ቤት ይኖራታል።'"

ከኋላችን ሁለት ሰዎች የእናቴን አልጋ በበሩ ማስወጣት አቅቷቸው፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያለ ይጨቃጨቁ ነበር።